የኋሊት

ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ጭኜ ስመጣ፣
ከአውቶብሴ ደረጃ አንድ ቀን ሳልወጣ፣
ካሪክ ሎክ ለእኔ፣ ከመስታወት ወዲያ፣
አንድ የሜፕል ዛፍ ናት፣ አንድ መኪና ማቆሚያ።
ዛሬ ግን ማሞቂያው ትን ብሎት ዝም አለ፣
የኦንታሪዮ ጥቅምት ጉልበቴ ላይ ዋለ።
ወይዘሮ ኡና ቲርኒ «ውረድ እንጂ!» አለች፣
በጃንጥላዋ ጫፍ በሩን እያንኳኳች።

(ኡና ነው ስሟ። የእኔ ጆሮ ግን ኦና ይለዋል፣
ሰው የለቀቀው ቤት። አልነገርኳትም።)

ወረድኩ።
መሪ ስጨብጥ የኖርኩ፣ ዛሬ በመሪ ልመራ።
ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሃያ ሦስት ሰው ከፊቷ ደርድራ፣
ፊቷን ለእኛ፣ ጀርባዋን ለከተማው ሰጥታ፣
የኋሊት ትሄዳለች።
የኋሊት! ድንጋዩን ሳታይ፣ ጉድጓዱን ሳታይ፣
ተረከዟ እንደ ዓይነ ስውር ጣት መንገዱን ያነባል።
«እዚህ ጋ ያዳልጣል» ትላለች ሳትዞር፣
ያዳልጣል።

«ይህ ቦይ በአካፋ ነው የተቆፈረ።
ረሃብ ከአየርላንድ ያባረራቸው ልጆች፣
በእንጨት መርከብ ሆድ የመጡ፣
ቀን እስከ ወገባቸው ውሃ ውስጥ፣
ማታ ወባ ሲያንቀጠቅጣቸው—»
ከሲንሲናቲ የመጣ አንድ ሰውዬ ሳቀ፦ «ወባ? ካናዳ?»
«ወባ። ካናዳ» አለች፤ እሷ አልሳቀችም።
«የአካፋውም ዋጋ ከደሞዝ ይቆረጣል።»

ከዚያ የድሮው ሱቅ፤ አሁን ጥፍር ይቀቡበታል።
የዕዳ መዝገቡ ግን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አለ፦
ዴኒስ፣ ሻማ፣ አንድ።
ዴኒስ፣ ጫማ፣ ግማሽ ዋጋ።
ዴኒስ፣ ከዚያ ወፍራም መስመር።
የተሰረዘው ዕዳው ይሁን ዴኒስ፣
ቀለሙ አይናገርም።

ሦስቴ የተቃጠለውን ቤተ ክርስቲያን አልፈን፣
የሸክላ ቤቶቹ መስመር ላይ፣ ውሃው አጠገብ፣
ዞረች።
ጀርባዋን ሰጠችን። ፊቷን ወደ ፊት አድርጋ፣
እንደ ማንም መንገደኛ፣ ጃንጥላዋን አጥፋ፣
ሰባት በር አለፈች፣ ቃል ሳትተነፍስ።
ሃያ ሦስቱ ሰው ስልክ ከፍ አድርጎ ዳክዬ ያነሳል።
እኔ ግን ሾፌር ነኝ፤ ኑሮዬ በስፖኪዮ፣
ወደ ፊት እየነዳሁ የኋላን ማየት።

አምስተኛው በር ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ ገና አዲስ።
ደረጃው ላይ የልጅ ቦት፣ የአንድ እግር ብቻ፣
አፈር ተሞልቶ አበባ የተተከለበት፣ አበባውም ብርድ የመታው።
እጀታውን ነካ አድርጋ አለፈች፣
ሰው የተኛ ሕፃን ጉንጭ እንደሚነካ።
ከሰባተኛው በር ማዶ ፊቷን መለሰችልን።
«እንግዲህ» አለች፣ «የአንጥረኛው ቤት ይኸውላችሁ።»
ድምፅዋ ያው ነው።

ሲያልቅ፣ ጉርሻው በሻይ ቆርቆሮ እየተንኳኳ፣
«እንዴት ነበር?» አለችኝ።
ስለ ወባው ልል ነበር። ስለ ዴኒስ።
«ሰባቱ በር» አልኳት።
አየችኝ፣ ረጅም፣ የሚንጠባጠብ ጃንጥላዋን እያራገፈች።
«እሱ» አለች፣ «በትኬቱ ውስጥ የለም።»

መንገዱ ጠባብ ነው፣ ማዞሪያ የለውም፤
የኋላ ማርሽ አስገባሁ።
እሷ ከኋላዬ ቆማ፣ በስፖኪዮው ጥግ ትንሽ ሆና፣
በጃንጥላዋ ትመራኛለች።
በቋንቋዋ የምትጮኸውን
ጆሮዬ በለመደው ሰማው፦
ና፣ ና፣ ና። ቁረጥ!
መልስ!

መልስ የለኝም፣ አልኩ ለራሴ፣ መሪውን እያዞርኩ።

ና፣ ና።
በቃ።